ፔድሮ ፓኤዝ፤ ግንበኛውና ተከራካሪው

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት በኢትዮጵያ የእጅ ሙያ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ የያዘ ነው። በ1860ዎቹ ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ለማስተማር የመጡትን የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች በዚያ አስፍሮ መድፍ እንዲሠሩለት አዘዘ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም የተሠራው በዚያ ነው። ይሁን እንጂ ለስብከት የመጣ እንግዳ በእጁ ሙያ ሲፈለግና ሲወደድ ጋፋት የመጀመሪያው ምሳሌ አይደለም። ከዚያ 250 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከደብረ ታቦር ደጋ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ሲታይ ከፎገራ ሜዳ ባሻገር በሚዘረጋው በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ፣ አንድ የስፔን ተወላጅ ካህን መዶሻና መጥረቢያ ይዞ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤት ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ፔድሮ ፓኤዝ ነው።

ፓኤዝ በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወሰው በሁለት ነገር ነው፤ በግንበኝነቱና ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት በማስገባቱ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሰው የተጀመሩ ቢሆኑም ዕጣቸው ተለያይቷል። በድንጋይ የመሥራቱ ሙያ ከእርሱ ሞትና ከማኅበሩ መባረር በኋላም ሲቀጥል፣ በክርክር የተገኘው ድል ግን ፓኤዝ ከሞተ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከብዙ ደም መፍሰስ ጋር ፈረሰ። የሕይወቱን ታሪክ መመልከት የሚጠቅመውም ይህ ልዩነት ከምን እንደመጣ ለመረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ማኅበሩና የተረፈው ስም

ፓኤዝ አባል የሆነበት የኢየሱስ ማኅበር በሎዮላው ኢግናጥዮስ ተመሥርቶ በ1540 በሮም ሊቀ ጳጳሳት በጳውሎስ 3ኛ የጸደቀ ነው። አባሎቹ ኢየሱሳውያን ወይም ጀዝዊት ይባላሉ። ማኅበሩ የታወቀው ለትምህርት በሚሰጠው ክብደትና በአባሎቹ ታዛዥነት ሲሆን፣ ኮሌጆቹ በፍልስፍና፣ በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በክርክር ጥበብ የሠለጠኑ ብዙ ሰዎችን አፍርተዋል።

ሆኖም የማኅበሩ ስም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ሌላም ትርጉም ይዞ ቀርቷል። «ጀዝዊቲካል» የሚለው ቅጽል በቀጥታ ሲታይ የኢየሱሳውያን የሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነገርን ከመጠን በላይ የሚያራቅቅ፣ ቃል እየሰነጠቀና እየፈተለ ከዋናው ጉዳይ የሚያመልጥ አነጋገር ሁሉ በዚህ ቃል ይጠራል።

ቃሉ ይህን ትርጉም ያገኘው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የንስሐ አባት አጠቃላዩን ሕግ በአንድ ሰው ልዩ ችግር ላይ እንዴት እንደሚያውለው የሚያስተምረው ዘዴ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ መሐንዲስም ቢሆን የደንቡን መጽሐፍ ከሥራው ቦታ አፈርና ውሃ ጋር ሳያገናዝብ መሠረት አይቆፍርም። ነውሩ የሚጀምረው ጥያቄው ትክክሉ የቱ ነው ከማለት ተለውጦ ከሕጉ ምን ያህል ቢጎድል ያስኬዳል ወደ ማለት ሲዞር ነው። ብሌዝ ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ በ1656ና በ1657 ባወጣቸው ደብዳቤዎች ኢየሱሳውያንን የከሰሰው በዚህ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት፣ ሰው በጭንቅ ጊዜ ሲመረመር ግማሹን ነገር በአፉ ተናግሮ ግማሹን በልቡ ቢያስቀር ሐሰት አልተናገረም የሚለው ትምህርት ነው። በ1605 የእንግሊዝን ንጉሥና ምክር ቤቱን በባሩድ ለማጥፋት የተደረገው ሴራ ከተገለጠ በኋላ፣ በ1606 የተሰቀለው ኢየሱሳዊው ሄንሪ ጋርኔት በፍርድ ቤት ብዙ የተወቀሰበት ጉዳይ ይኸው ትምህርት ነበር።

ይህ ሁሉ በጠላትነት መካከል የተነገረ ስለሆነ እንደ ፍጹም ፍርድ የሚወሰድ አይደለም። ቢሆንም ስሙ አንድን ማኅበር እስከ ዛሬ ሲከተል ከኖረ፣ ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ በጣና ዙሪያ የሠራውን ሥራ በዚሁ መስፈሪያ መመዘን ተገቢ ይሆናል።

የምርኮ ዓመታት

ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 ከማድሪድ ብዙም በማይርቅ ኦልሜዳ በሚባል መንደር ተወለደ። በ1582 ወደ ማኅበሩ ገባ፤ በ1588ም የፖርቱጋል የሕንድ ግዛት ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ጎአ ተላከ። በማግሥቱ ዓመት ከእርሱ ዕድሜ በብዙ ከሚበልጠው ከአንቶኒዮ ሞንሴራቴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረች ካህናት በግልጽ ሊያልፉባት አይችሉም ነበር። ሁለቱ መንገደኞች በደቡብ ዐረቢያ ጠረፍ ተማርከው በሐድራሞት በረሃ በኩል ወደ ሰንዓ ተወሰዱ።

ምርኮው ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። ፓኤዝ በዚህ ጊዜ በእስር ቤትና በመርከብ ቀዛፊነት ብዙ መከራ ተቀበለ። በሌላ በኩል ግን ዐረብኛ ተማረ፤ የማሪብን የጥንት ፍርስራሾች አየ፤ ቡን የተባለው ፍሬ የፈላበትን መጠጥ ቀምሶ ስለ ቡና ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ለመሆን በቃ። በ1596 ገንዘብ ተከፍሎለት ከጓደኛው ጋር ወደ ጎአ ተመለሰ። ሞንሴራቴ ኢትዮጵያን ሳያይ ሞተ።

ፓኤዝ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። በ1603 ራሱን ወደ አገሩ የሚመለስ አርመናዊ ነጋዴ አስመስሎ፣ ዐብደላ በሚል ስም ምጽዋ ደረሰ። በዚህ ዓይነት በአስመሳይ ልብስና በተዋሰው ስም ወደ አገሪቱ መግባቱ ማኅበሩን የሚነቅፉ ሰዎች ከሚጠቅሷቸው ምሳሌዎች ጋር የሚመሳሰል ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ፓኤዝ የዋሸው መንገዱን በዘጉበት ሹማምንት ፊት ነው እንጂ ሊያስተምረው በመጣው ሕዝብ ፊት አልነበረም፤ መረብን ተሻግሮ ከዐድዋ አጠገብ ወደ ምትገኘው ወደ ፍሬሞና ከደረሰ በኋላ ማንነቱን አልሸሸገም። በፍሬሞና የሚኖሩት በ1541 ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋር ግራኝን ለመውጋት የመጡት የ400 ፖርቱጋላውያን ወታደሮች ዘሮች ነበሩ።

በነገሥታት አደባባይ

በፍሬሞና ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ለመማር ጊዜውን ሰጠ። የማኅበሩን የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ በአማርኛ አስተርጉሞ ለሕፃናት በጥያቄና መልስ መልክ አስጠናቸው። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ወደ አደባባዩ በጠራው ጊዜ ከእርሱ ጋር የሄዱት ሕፃናት በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ይህንኑ ትምህርት ሲመልሱ ከረጅም ክርክር ይልቅ የሕፃናቱ ንግግር የአድማጮቹን ልብ እንደሳበ ይነገራል።

ዐፄ ዘድንግል በፓኤዝ ትምህርት በጣም ተማረከ፤ የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር አዘዘ፤ ለሮም ሊቀ ጳጳሳትና ለስፔን ንጉሥም ደብዳቤ ጻፈ። ፓኤዝ ራሱ ነገሩ በዝግታ እንዲሄድ ቢመክረውም ንጉሡ አልታገሠም። መኳንንቱ በዘሥላሴ መሪነት ሸፈቱ፤ አቡነ ጴጥሮስም ወታደሮቹ ለንጉሡ ከገቡት መሐላ ፈታቸው። ዘድንግል በኦክቶበር 1604 በጦርነት ሞተ። ፓኤዝ ከዚህ የተማረው ትምህርት በቀሪ ዘመኑ ሁሉ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ከመቸኮል መዘግየትን፣ ከማስገደድ ማግባባትን መምረጥ ነበር።

በ1607 ዙፋኑን የያዘው ዐፄ ሱስንዮስ የረጅም ጊዜ የጦር ሜዳ ልምድ ያለው ሰው ነበር። የመኳንንቱን ኃይል ለመቀነስና ዘውዱን ለማጠንከር የፖርቱጋልን ጦር ርዳታ ይመኝ ስለነበር ለኢየሱሳውያን ፊት ሰጣቸው፤ በጎርጎራም መሬት ለገሳቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ካቶሊክ ሆነ። ይህ መስፍን በጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የእንግሊዙ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ይህን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 ያሳተመው ሲሆን፣ በ1759 ባወጣው ልብ ወለድ የኢትዮጵያን ልዑል ራሴላስ ብሎ የሰየመው ከዚህ ስም ወስዶ እንደሆነ ብዙዎች ይስማሙበታል። በዚህ ዓይነት የጣና ዳርቻ ታሪክ ያን ቅጽል በፈጠረው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

የክርክሩ ፍሬ ነገር

በሱስንዮስ አደባባይ የተደረገው ክርክር የሚዞረው በ451 በተደረገው በኬልቄዶን ጉባኤ ውሳኔ ላይ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስ አንድ አካል ሁለት ባሕርይ ነው ብላ ታስተምራለች። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ባሕርይ ብላ ታምናለች። ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ባሕርይ የሚለው ቃል ከአካል ተለይቶ ለብቻው የሚቆም ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ባሕርይ ሲባል አንዱን ክርስቶስ ሁለት አድርጎ መክፈል ሆኖ ይሰማቸው ነበር። ፓኤዝና ጓደኞቹ ደግሞ በላቲን የተማሩትን ልዩነት በግዕዝ ቃል ላይ ይጭኑት ነበር። በመሆኑም ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል እየተጠቀሙ በሁለት ሚዛን ይመዝኑ ነበር ማለት ይቻላል።

ኢየሱሳውያኑ በዚህ ክርክር ያሳዩት ብልሃት በራሷ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ፣ በሃይማኖተ አበው፣ ማስረጃ ማቅረባቸው ነው። የተቃራኒን መጽሐፍ ይዞ ተቃራኒን መርታት በክርክር ጥበብ ከፍ ያለ ነገር ነው፤ ንጉሡንም ይህ አሳመነው። ሆኖም በአደባባይ መርታትና በአጥቢያ መታመን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በቃል የተረቱት መነኮሳት ወደ ገዳሞቻቸው ሲመለሱ እምነታቸውን ይዘው ነው የተመለሱት፤ ሕዝቡም የሚሰማው እነርሱን ነበር።

ንጉሡ አንድ ባሕርይ ብሎ ማስተማርን ሲከለክል ተቃውሞው ወደ ጦርነት ተለወጠ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ተሰልፎ ሁለቱም በአንድ ውጊያ ሞቱ። ቀጥሎም የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር በታወጀ ጊዜ የቤጌምድር ገዥ ዮናኤል ሸፈተ። ቤጌምድር የዛሬውን የደብረ ታቦር አካባቢ የሚያካትት ሰፊ ግዛት ነበር። በዚያ የሚኖረው ገበሬ ስለ ባሕርይና ስለ አካል የተደረገውን ክርክር ሁሉ ባይከታተልም፣ በቅዳሜ ቀን በሬ ጠምደህ እረስ ሲባል ግን ነገሩ ወደ ደጁ እንደመጣ ያውቅ ነበር።

ድንጋይና ጭቃ

ከክርክሩ ጎን ለጎን ፓኤዝ በ1610ዎቹ ዓመታት በጎርጎራ ለሱስንዮስ ባለ ሁለት ፎቅ ቤተ መንግሥት ሠራ። የማኅበሩ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ንድፉን ያወጣው፣ ሥራውን የመራው እርሱ ነው፤ ከዚህም በላይ መዶሻ፣ መሮና ሌላውን መሣሪያ ራሱ አሠርቶ፣ የአገሩን ሰዎች ድንጋይ ማለዘብና እንጨት መጥረብ እያስተማረ እንደ አንጥረኛም፣ እንደ አናጢም፣ እንደ ግንበኛም ሠርቷል። በዚያን ጊዜ በሥራው ላይ ኖራ አልነበረም፤ ግንቡ የተያያዘው በጭቃ ነበር። ፎቅ ያለው ቤት ላላዩ ሰዎች ይህ ሥራ ከፍ ያለ አድናቆትን አሳደረ። ኋላም በዚያው በጎርጎራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሠራ።

በዚህ ረገድ በሕዝብ ዘንድ የተለመደ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። በጣና ዙሪያና በጎንደር የሚታየው የድንጋይ ሥራ ሁሉ በጅምላ የፖርቱጋሎች ወይም የፓኤዝ ሥራ እየተባለ ይነገራል። ዛሬ በጎርጎራ ማርያም ግምብ በመባል የሚታወቀው ፍርስራሽ የተሠራው ከፓኤዝ ሞት በኋላ ነው። ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች ደራንና ጎጃምን የሚያገናኘው የአላታ ድልድይም የሱስንዮስ ዘመን ሥራ ቢሆንም ፓኤዝ አላየውም። በኖራ የመገንባት ሙያ የተስፋፋው በ1620ዎቹ ዓመታት ከሕንድ በመጡ ግንበኞች አማካይነት ነው። ለፓኤዝ በትክክል የሚገባው ክብር ሌላ ነው፤ የማያውቀውን አገር ድንጋይ፣ እንጨትና አፈር ፈትኖ፣ የሌለውን ኖራ ከመመኘት ባለው ጭቃ ሠርቶ፣ ሙያውን ለአገሩ ሰዎች ማሳየቱ ነው።

ይኸው የመፈተን ልማድ በጽሑፉም ውስጥ ይታያል። በ1610 ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የቫሌንሲያ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ፓኤዝ ይህን ለማስተባበል በፖርቱጋልኛ ቋንቋ የኢትዮጵያን ታሪክ በአራት ክፍል ጻፈ። የኡሬታን ቃል አንድ በአንድ እያነሣ በዓይኑ ካየው፣ በአገሩ ሰዎች ከጠየቀው፣ በግዕዝ ከተጻፉት ዜና መዋዕሎችና ገድሎች ካነበበው ጋር አመሳከረ። ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከንጉሡ ሠራዊት ጋር በሰከላ ሳለ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ በውሃው ውስጥ ጦር እያስገባ ጥልቀቱን ሞከረ፤ አካባቢውንም በዝርዝር ጻፈ። ከ150 ዓመት በኋላ በ1770 የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ ወደዚያው ምንጭ ደርሶ የመጀመሪያው ተመልካች እኔ ነኝ በማለት የፓኤዝን ምስክርነት ለማስተባበል ሞከረ። የፓኤዝ መጽሐፍ ሙሉው በሮም በ1905ና በ1906 በታተመ ጊዜ ግን ማን ቀድሞ እንደደረሰ ግልጽ ሆነ። ይህ መጽሐፍ ከቃል ፈተላ የራቀ፣ መለኪያና ማመሳከሪያ የበዛበት ነው። ማኅበሩን በዚያ ቅጽል የሚጠራ ሰው ሊያነበው የሚገባው ከሁሉ በፊት ይህን ነው።

ያልተነገረው ዋጋ

በ1622 መጀመሪያ ገደማ ዐፄ ሱስንዮስ ከመጀመሪያይቱ ሚስቱ በቀር ሌሎቹን አሰናብቶ በፓኤዝ እጅ ንስሐ ገባ፤ ካቶሊክ መሆኑንም በይፋ አስታወቀ። ፓኤዝ ይህን ካየ በኋላ ወደ ጎርጎራ ተመለሰ፤ በሜይ ወርም በትኩሳት ታሞ በ58 ዓመት ዕድሜው ገደማ ሞተ። ከ19 ዓመት ድካም በኋላ የፈለገውን አግኝቶ የሞተ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የተገኘው የንጉሡ ልብ ነበር። ፓኤዝ በዘመኑ የአገሩን ልማድ በሁለት ከፍሎ ይመለከት ነበር፤ ከሃይማኖት ጋር የሚጋጭ የሚመስለውን ለመለወጥ ይጥራል፣ ሌላውን ግን ለጊዜው ይተወዋል። ይህ አከፋፈል የታዛዥ ካህን ብልሃት ነው፤ ለአገሩ ሰው ካለው አክብሮት የመነጨም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን ለጊዜው የተተወው ነገር ቀርቷል አልተባለም። የሮም ሥልጣን ሲመጣ ከእያንዳንዱ ደብር ምን እንደሚጠይቅ ለሕዝቡ በግልጽ የነገረው አልነበረም፤ ዝርዝሩ የተገለጠው ፓኤዝ ከሞተ በኋላ ነው።

በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1626 ሱስንዮስ በፊቱ ተንበርክኮ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ታዛዥነቱን በመሐላ አጸና። ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም ሥርዓት እንዲሆን፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀሩ ታዘዘ። በፓኤዝ ጊዜ በአደባባይ ሊቃውንት መካከል የነበረው ልዩነት አሁን ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ፤ ልጁን አስጠምቆ የኖረ አባት ያ ጥምቀት የማይረባ ነው ተባለ፤ ለአርባ ዓመት የቀደሰ ቄስ ቄስ አይደለህም ተባለ።

ሽፍትነቱ ከቤጌምድር ጋር በሚዋሰነው በላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ለዓመታት ቀጠለ። በጁን 1632 ሱስንዮስ ላስቶችን በታላቅ ውጊያ ድል አደረገ፤ በዚያ ቀን የሞተው ሰው 8,000 ያህል እንደሆነ ይነገራል። የሞቱት ባዕዳን ወይም አረማውያን አልነበሩም፤ የገዛ ሕዝቡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ንጉሡ ከዚህ በኋላ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ በሴፕቴምበር ወርም ሞተ። ዐፄ ፋሲለደስ ሜንዴዝንና ጓደኞቹን በ1633ና በ1634 ከአገር አስወጣ።

የክርክሩ እሳት ግን በዚህ አልጠፋም። ኢየሱሳውያኑን ለመመለስ የተነሡት የምሥጢረ ሥጋዌ ጥያቄዎች የኢትዮጵያን ሊቃውንት እርስ በርሳቸው በቅባትና በተዋሕዶ፣ ኋላም በጸጋ ልጅነት ትምህርት ከፋፈሏቸው። ይህም መለያየት በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስደርጎ እስኪወስን ድረስ ከ200 ዓመት በላይ ቆየ።

በሰምና ወርቅ አገር

ነገርን ማራቀቅ በጣና ዙሪያና በደብረ ታቦር አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። የቅኔ ተማሪ በሰሙ ውስጥ ወርቅ መደበቅን ይማራል፤ የትርጓሜ መምህር ለአንድ ቃል አንድም እያለ ብዙ ፍች ይሰጣል። በፎገራ የተወለደው አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ የሚወደደው በኅብረ ቃሉ ነው። ነገር ግን ቅኔ አዋቂው ወርቁን የሚሰውረው አድማጩ ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ አድማጩ ባያገኘው ቅኔው ከሽፏል። በአውሮፓ የተነቀፈው ትምህርት ደግሞ በልብ የቀረውን ቃል አድማጩ ፈጽሞ እንዳያገኘው አድርጎ ይሰውረዋል። በሁለቱም ዘንድ ንግግሩ ረቂቅ ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው ከምሥጢሩ ተካፋይ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ላይ ነው።

ፔድሮ ፓኤዝ በዚህ ሚዛን ሲመዘን እንደ ቅጽሉ የሚወገዝ ሰው ሆኖ አይገኝም። ቋንቋ የተማረ፣ ያላየውን ያልጻፈ፣ በእጁ የሠራ፣ መቸኮልን የፈራ ሰው ነበር። ጉድለቱ ሌላ ነው። ዋጋውን ወደ ፊት ያስተላለፈ ስምምነት ከንጉሡ ጋር ተዋዋለ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በስምምነቱ ጊዜ በአደባባዩ ያልነበሩ ሰዎች ሆኑ። ቤተ መንግሥቱን ሲሠራ መሬቱን ፈትኖ፣ ጭቃና ድንጋዩን መዝኖ፣ ሠራተኛውን አስተምሮ ነበር። የሃይማኖቱን ለውጥ ሲያንጽ ግን ሸክሙን በአንድ ዐምድ፣ በንጉሡ ላይ ብቻ አኖረው፤ ንጉሡ በደከመ ጊዜም ሕንፃው ሁሉ ተናደ።

መሐንዲስም በየዕለቱ በቃል ይሠራል። የሥራ ውል፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የደንብ አንቀጽ ሁሉ የሚተረጎም ቃል ነው። አንቀጹን እየፈተሉ ከአሠሪው ፊት ረትቶ መውጣት ይቻላል፤ ለኋላ የተተወውን ወጪና አደጋ የሚሸከመው ግን በውሉ ላይ ያልፈረመው የሕንፃው ነዋሪ ወይም የድልድዩ መንገደኛ ነው። የአላታን ድልድይ የሠሩት ግንበኞች ስለ ባሕርይና ስለ አካል ምን ያምኑ እንደነበር የሚሻገረው የደራ ገበሬ አይጠይቅም፤ ያም ሆኖ ሥራቸው እህሉን ተሸክሞ ሲያልፍ 400 ዓመት ያህል ታምኖለታል።